የሳምሁት ደፍ

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 1980 ዓ.ም.

ይድረስ በር ቢዘጉብኝም እናቴ መሆንዎን ላልተዉት እናቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎት? የደሴ ብርድ ኅዳር ሲገባ አጥንት ድረስ እንደሚዘልቅ አውቀዋለሁና የላክሁልዎትን ብርድ ልብስ ሳጥን ውስጥ ቆልፈው እንዳያስቀምጡት፤ ይልበሱት። ከህንድ አገር የመጣ ነው ብለው ፈርተው ከሆነም አይፍሩ፣ ከዚሁ ከኛ ፋብሪካ የወጣ ነው። ክሩ ሲበጠስ የቀጠልሁት እኔው ነኝ። ታናሽ እህቴ ሐዋ ትምህርቷን ትከታተላለች? ላሚቱስ ወለደች? ጎረቤታችንን እማማ ወርቅአፈራሁን ከሁሉም በፊት ሰላም ይበሉልኝ፤ ለምን ከሁሉም በፊት እንዳልሁ እሳቸው ያውቃሉ።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የኮምቦልቻ ሙቀት ተስማምቶኛል። ምላሴም እንደሚያውቁት ነው፤ አልታመመም።

ይህን ወረቀት የሚያነብልዎት አጎቴ በሺር መሆኑን አውቃለሁ። እንግዲያው መጀመሪያ ለሱ ልናገር። በሺር፣ አጎቴ የምልህ የእናቴ ታናሽ ወንድም ስለሆንህ ነው እንጂ አንድ ትሪ ከበን፣ አንድ ብርድ ልብስ ተሻምተን ነው ያደግነው። ስለዚህ አልፈራህም። ጉሮሮህን ጠርገህ እንደ ጀመርህ እስከ ታች አንብብ፤ መስመር እንዳትዘል። ሐዋ ከጎንህ ትቀመጥና ጣቷን ፊደሉ ላይ ታስኪድ። ብትዘል ትነግረኛለች፤ ብትጨምርም ትነግረኛለች።

እናቴ፣ ባለፈው ጁምዓ የሐረጎን ዳገት በጭነት መኪና ተንጠላጥዬ፣ ከፋብሪካው ሱቅ የደረሰኝን ስኳር በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በርዎ ድረስ መጣሁ። ከውስጥ ሲያስሉ ሰማሁ። የእርስዎን ሳል ከሌላ ሰው ሳል ጋር አላምታታውም። የወጣው ግን በሺር ነው። እግሩን ደፉ ላይ አስቀምጦ፣ «ተውበት አድርገሽ፣ ተጸጽተሽ ሳትመለሺ ይህን ቤት አትገቢም፤ ይህን ያሉት እናትሽ ናቸው» አለኝ። ስኳሩን ግን ተቀበለኝ። ስኳሩ ተውበት አላስፈለገውም።

ቀጥለው ደግሞ በሐዋ ላኩብኝ። እሑድ የዘይኑልአቢዲን ሽማግሌዎች እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ እኔ «ለጣዖት ሰግጄ ነበር፣ አሁን ተመልሻለሁ» ብዬ በሰፈሩ ጀማዓ ፊት ካልተናገርሁ ሽማግሌዎቹን ቁጭ ሳይሉ ይመልሷቸዋል። ሐዋ ይህን ስትነግረኝ አልቅሳለች። ሕፃን በምን አንጀቷ ነው እንዲህ ያለ መልእክት የሚሸከመው?

ይሁን፣ ፈርደዋል። ግን እናቴ፣ ወሬውን ከአገሩ ሁሉ ሰምተው ከኔ አልሰሙም። ዛሬ ከኔ ይስሙ።

ህንድ አገር አብሮኝ ለሥልጠና የሄደውን የፋብሪካችንን ልጅ ደጉን ያውቁታል። ክፋት የለበትም፣ አፉ ግን ክዳን የለውም። ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሰው ለማሳቅ፣ «ሳፊያ እኮ ህንድ አገር ድረስ ሄዳም ዚያራዋን አልተወችም፤ የቤተ መቅደሳቸውን ደፍ ሳመች!» አለ። ያለው ይህን ብቻ ነው። ወሬው ከፒያሳ ሲነሣ ደፍ ስሜ ነበር። አራዳ ሲደርስ ለድንጋይ በሬ ሰገድሁ። ቧንቧ ውሃ ሲገባ ስሜን ቀይሬ፣ ግንባሬን ቀይ ቀብቼ፣ ከእንግዲህ ሥጋ አልበላም ብዬ ምያለሁ። እኔ ሥጋ አልበላም! ይህን ያመነ ሰው አንድም ቀን ከኔ ጋር ትሪ ቀርቦ አያውቅም።

አሁን የሆነውን ልንገርዎት። የሄድንበት ከተማ ኮይምባቶር ይባላል፣ በደቡብ ህንድ ነው። ከተማው ሁሉ ክር ነው፤ ሰው ሲተነፍስ ጥጥ የሚተነፍስ ይመስልዎታል። አሠልጣኛችን ሴልቫም የሚባል የሸማኔ ልጅ ነበር። ደጉ አሥራ ሁለተኛ ስለጨረሰ እንግሊዝኛውን እየሰማ ለኔ ያስረዳኛል። አንድ ቀን ሴልቫም፣ «እናንተ አገር ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኛም የምናሳያችሁ አለን» አለን። ላሊበላን ማለቱ ነው። እኔ ላሊበላን አይቼው አላውቅም፤ ግን ወሎ አይደል? የኔ ነው። «አዎ፣ እኛ አለት ወደ ታች የፈለፈልን ሰዎች ነን» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ደጉ መተርጎሙን ትቶ፣ «አንቺ ደግሞ መቼ ፈለፈልሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

በዓል ሲሆን ባቡር አሳፍሮ ታንጃቩር ወሰደን። እናቴ፣ ከሩቅ ሲያዩት ተራራ ነው። ቀርበው ነው የሰው እጅ የሠራው መሆኑ የሚገባዎት። በር አልፈው ሌላ በር ያገኛሉ፤ በሮቹ ላይ ሰው፣ እንስሳ፣ አበባ፣ የሌለ ነገር የለም፣ ሁሉም በድንጋይ። ከዚያ ሰፊ ግቢ። ከግቢው መሐል ዋናው ግንብ ከታች ሰፍቶ ይነሣና ደረጃ በደረጃ እየጠበበ፣ እየጠበበ፣ ቀና ብለው ሲያዩት ሻሽዎ እስኪወድቅ ድረስ ይወጣል። አናቱ ላይ ትልቅ የድንጋይ ጉልላት ተደፍቶበታል። ራጃራጃ የሚባል ንጉሥ ነው ያሠራው፣ ቾላ ከሚባሉት ነገሥታት። ሺህ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ነው የቀረው። በዚያ ሜዳ እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም፣ ከሩቅ አምጥተው ነው፤ ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር ገጣጥመው ነው ያቆሙት አለን። ጭቃ የለ፣ ስሚንቶ የለ። እኔ የማውቀው የኛን ቤት ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው እየተናደ እንጨቱ የሚያገጥጥበትን።

«ያን ጉልላት እንዴት አድርገው አወጡት?» አልሁ። ሴልቫም፣ አባቶች ሲያወሩ አንድ ድንጋይ ነው፣ ከሩቅ መንደር ጀምረው የአፈር ዳገት ደልድለው፣ በሰውና በዝሆን እየጎተቱ አወጡት ይላሉ አለኝ። ሐረጎ ትዝ አለኝ። ሰው ሐረጎን በአካፋ ሠርቶ፣ ድንጋዩን አናት ላይ አድርሶ፣ መልሶ ሐረጎን በአካፋ ሲያነሣው ያስቡት! «ስንት ሰው ሞተበት?» ብዬ ጠየቅሁ። ደጉ፣ «ነውር ነው፣ እንግዳ እንዲህ አይጠይቅም» አለኝ። «አንተ አስተርጓሚ ነህ፣ ተርጉም» አልሁት። ሴልቫም፣ «እሱ አልተጻፈም» አለ።

ሌላ የተጻፈ ግን ነበር። የግንቡን ግርጌ ዙሪያውን ቢያዩት ፊደል ነው፣ በጣት የሚዳሰስ። የንጉሥ ውዳሴ ነው ብዬ ላልፈው ነበር። ውዳሴውም አለበት። ነገር ግን ለመብራቱ ቅቤ የሚያቀርቡት እረኞች፣ ልብስ ሰፊው፣ ጸጉር ቆራጩ ሁሉ አሉበት። የሚጨፍሩት ሴቶች ደግሞ እያንዳንዷ በስሟ፣ ከየት አገር እንደመጣች፣ የምትኖርበት ቤት ሳይቀር ተቀርጾላታል አለን። እናቴ፣ እኔ ፊደል የቆጠርሁት ለአቅመ ሔዋን ደርሼ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ቀበሌ አዳራሽ ከአሮጊቶች ጋር ተቀምጬ ነው። ፋብሪካ ሲመረቅ እብነ በረዱ ላይ የማን ስም እንደሚጻፍ እርስዎም ያውቃሉ፤ ክር የምትቀጥል ሴት ስም አይጻፍበትም። እዚያ ግን የጨፋሪ ስም ከንጉሥ ስም ጋር አንድ ግድግዳ ላይ። «አንዷን አንብብልኝ» አልሁት። አሮጌ ፊደል ነው፣ እሱም አይችልም። ብቻ ጣቴን አስኬድሁበት። ይህንንም ሰግዳለች ካላችሁ በሉ።

በሬውን ደግሞ አልክድም። ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ በሬ ነው፤ ሲተኛ ከቤታችን ይበልጣል። እግሩን አጥፎ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ ሆዱ ሞልቶ የሚያመነዥክ ይመስላል። አልሰገድሁለትም። ቁጭ ብዬ አየሁት። በሰባ ሰባት የአያቴ በሬዎች እንዴት እንደሞቱ እርስዎ አብረውኝ አይተዋል፤ ጎናቸው ተጣብቆ፣ ተነሥ ሲሉት ዓይኑን ብቻ የሚያነሣውን ቦራውን። ይሄኛው ስንት መቶ ዓመት ጠግቦ ተኝቷል። አለቀስሁ። ሰገደች የተባለው እንግዲህ ይኸ ነው። በሺር፣ አንተ ቦራው የሞተ ቀን ምን ሆነህ እንደነበር ለእናቴ አታንብብላቸው፣ ለራስህ ብቻ አስታውሰው።

ወደ ደፉ ልምጣ።

ጫማችንን ውጭ አውልቀናል። ግንቦት ነበር፤ የግቢው ድንጋይ እሳት ሆኖ ደጉ እንደ ዶሮ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ወደ ዋናው ቤት ሲወጡ ደረጃ አለ፣ ከደረጃው በር፣ ከበሩ ወዲያ ምሰሶ በምሰሶ የሆነ ጨለማ። ብዙ ሴቶች ከፊቴ ነበሩ፤ አሮጊት አለች፣ ሙሽራ አለች፣ የታመመ ልጅ የታቀፈች አለች። ሁሉም ደፉ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ይላሉ፤ በቀኝ እጃቸው ይነኩትና እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ። ድንጋዩ ከእጅ ብዛት መሐሉ ጎድጉዷል። ተራዬ ደረሰ። እናቴ፣ ወላሂ አላሰብሁበትም። ጎንበስ አልሁ። ቀኝ እጄ ደፉን ነካ፣ ወደ ከንፈሬ መጣ፣ ወደ ግንባሬ ሄደ። «ቢስሚላህ» አልሁ። የት አገር እንዳለሁ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ደጉ ከኋላዬ ሲስቅ።

ይህን ማን አስተማረኝ? ሼሆቹ ዘንድ ዚያራ ስንሄድ ጭንቅላቴን በእጅዎ ዝቅ አድርገው፣ «ደፉን ሳሚ፤ ሰው አልቅሶ የገባበት ደጅ ነው» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የማን ደጅ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እርስዎም አልነገሩኝም። ሰው አልቅሶ የገባበት ነው ያሉኝ። እጄም የሰማው ያንኑ ነው። በዚያ ደፍ ሺህ ዓመት ሙሉ ሰው እያለቀሰ ገብቷል።

ከኋላዬ የነበረች አንዲት አሮጊት ራሴ ላይ እጇን ጫነችብኝና አንድ ነገር ተናገረች። ደጉ አልገባውም፣ እኔም አልገባኝም። ግን የሚመርቅ እጅ ሲያርፍብኝ አውቃለሁ። የማላውቃት ሴት፣ አገሬን የማታውቅ ሴት፣ ሳትጠይቀኝ መረቀችኝ። ከዚያ ሴልቫም፣ «ከዚህ ወዲያ ለእኛ ብቻ ነው፤ እዚህ ቆዪ» አለኝ። ቆምሁ። እነሱ የሚያመልኩትን አላየሁም። ያየሁት ጨለማና ከሩቅ የሚብለጨለጭ አንድ መብራት ነው። ይኸው ነው፤ ሌላ የለም።

ስመለስ ደግሞ መጀመሪያ የከሰሰኝ በሺር እንዳይመስልዎት። የፋብሪካው ካድሬ ሞላልኝ ነው። በውይይት ቀን አስነሥቶኝ፣ «ጓድ ሳፊያ፣ ሠርቶ አደሩ ለሥልጠና ልኮሽ የኋላ ቀር እምነት ደጅ ስትስሚ ተገኝተሻል፤ ግለ ሂስ አድርጊ» አለኝ። «የተላክሁበትን ተምሬ መጥቻለሁ፤ ማሽኔ ይመስክር» አልሁት። «ማሽን አይመሰክርም» አለ። «እንግዲያው አንተም አትመስክር፣ አልነበርህም» አልሁት። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔ ግን ተቀጣሁበት። ለኔ ታስቦ የነበረው የቡድን መሪነት ለሌላ ተሰጠ። እንግዲህ ያስቡት፤ ሞላልኝ ሃይማኖት አለሽ ብሎ ከሰሰኝ፣ እናንተ ሃይማኖት የለሽም ብላችሁ ከሰሳችሁኝ። በሺር፣ አንተና ሞላልኝ መጀመሪያ አንድ ቦታ ተቀመጡና ተስማሙ፤ ከዚያ ጥሩኝ።

ዘይኑልአቢዲንም አልተወኝም። ደግ ሰው ነው፣ ክፉ እንዳይመስልዎት፤ ማሽን ሲጠግን እንኳ ብረቱን እያባበለ ነው። «አንድ ቃል ናት፤ በያትና እንገላገል» አለኝ። «አንድ ቃል ከሆነች ለምን ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ይስማት ይላሉ?» አልሁት። እሱም፣ «እኔ ሽማግሌ መላኬን አልተውም። ቢመልሷቸው ደግሜ እልካለሁ፤ ሽማግሌ አያልቅም» አለኝ። ለዚህ ነው ይህን ሰው የምወደው። አዎ፣ ጽፌዋለሁ። በሺር፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ አታንብባት።

እናቴ፣ ሸሃዳውን ከሆነ የሚፈልጉት በየሶላቴ እላለሁ፤ ጀማዓውም ፊት፣ ፒያሳ መሐልም ቆሜ እላለሁ፤ ያዘዘኝም የከለከለኝም የለም። «ተመልሻለሁ» ግን አልልም። ያልሄደ ሰው ከየት ይመለሳል? «ሰግጄ ነበር» ብል ዋሽቼ ነው ቤትዎ የምገባው። በውሸት ከገባሁ ደግሞ እርስዎ እቅፍዎ ውስጥ የሚያስገቡት በሺር የፈጠራትን ሳፊያ ነው። እኔ ከነስኳሬ ደጅ ቀረሁ ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ላስታውስዎት። በሺር፣ ይችን ቶሎ ብለህ አንብባት፣ ላንተ አይደለችም።

ልጅ ሆኜ ትኩሳቱ አልለቅ ያለኝን ጊዜ ያስታውሳሉ? መርፌውም ተወግቼ፣ ዱዓውም ተደርጎልኝ፣ እኔ ውሃ እንኳ መዋጥ ያቃተኝን? ጎህ ሲቀድ በጀርባዎ አዝለውኝ ነጠላቸውን ካጣፉት ከእማማ ወርቅአፈራሁ ጋር ወጣን። ታኅሣሥ ነበር። ስንመለስ ጸጉሬም ቀሚሴም ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። በሺር ያን ጊዜም ጠያቂ ነው፤ ይኸው በር ላይ ቆሞ፣ «ምን ነክቷት ነው እንዲህ የራሰችው?» አለ። እርስዎ ምላስዎ ተሳሰረ። እማማ ወርቅአፈራሁ ወደ ቤታቸው ገቡ። ከጀርባዎ ላይ ሆኜ «ዝናብ መታን» ያልሁት እኔ ነኝ።

በሺር፣ አትቁም፣ አንብብ። ዝናብ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ዘነበ፣ ምን ይደረግ? ካድሬም ቢጠይቀኝ፣ ሼህም ቢጠይቀኝ፣ እስክቀበር ድረስ ዝናብ ነበር እላለሁ። እናቴ፣ ዝናቡ ሳይመታን በፊት ጭንቅላቴን በእጅዎ ዝቅ አድርገው በጆሮዬ የነገሩኝ ግን ዚያራ ላይ የሚነግሩኝን ያንኑ ነበር። ቃሉ አልተለወጠም። ትኩሳቱም ለቀቀኝ፤ ይኸው አለሁ፣ እጨቃጨቅዎታለሁ። ለራሴ ስል ያልሆነውን ሆነ አልልም። ለእርስዎ ስል ግን ታኅሣሥ ላይ ዝናብ አዝንቤአለሁ።

እሑድ ከሽማግሌዎቹ ቀድሜ እመጣለሁ። በርዎ ጋ ስደርስ ጫማዬን አወልቃለሁ። ጎንበስ እልና የእርስዎን ደፍ በቀኝ እጄ ነክቼ እስማለሁ። አባቴ የሞተ ቀን በዚያ ደፍ አልቅሰው ሲገቡ አይቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የማውቀው ደጅ የለም። በሺር እግሩን ያንሣ። ካላነሣ እግሩንም ጨምሬ እስመዋለሁና ያንን ደግሞ ሄዶ ፒያሳ ያውራው። ከዚያ ወዲያ በሩን መክፈቱም መዝጋቱም የእርስዎ ነው፤ እኔ ቀና ብዬ ሽማግሌዎቹን ቆሜ እጠብቃለሁ። ሲመጡ ፊታቸውን ወደ በርዎ አድርገው የሚቆሙት እኔ ያለሁበት ጋ ነው።

ይህን ወረቀት በፖስታ አላስገባሁትም፤ ዘሀራ በእጇ ይዛልኝ ትመጣለች፣ አብራኝ የምትሠራ ናት፣ ሳይመግቧት አይልቀቋት።

አላህ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፣ ሳልዎን ያንሣልዎት፣ ዓይንዎ የልጅ ልጅ ይይ። ሐዋን ከኔ የተሻለ ዕድል፣ ከኔ ያነሰ ምላስ ይስጥልዎት፤ ወይ ምላሱን አይቀንስባት፣ ያስፈልጋታል። በሺርንም አላህ ይጠብቀው፤ እዚህ ድረስ ሳይዘል ካነበበ ሰው ነው። እማማ ወርቅአፈራሁንም በእምነታቸው ያቆይልን፤ እርስዎንና እሳቸውን ከአንድ አጥር አይለያችሁ። እኔንም እሑድ ፊትዎን ያሳየኝ። አሚን ይበሉልኝ፣ ከውስጥም ሆነው ቢሆን።

ታኅሣሥ ላይ ዝናብ የመታት ልጅዎ